አንገቱ በጠፍር የታሰረው ምንሽር

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አያቴ ባለፈው ጥር ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ስናስተካክል ከኮርኒሱ በላይ፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ጠመንጃ አገኘን። ቤተሰባችን ከምንጃር ነው የመጣው። ሁሉም ‹ቅድመ አያታችን ዓድዋ የዘመቱበት ምንሽር ነው› ይላል። ብረቱ ላይ ዘውድ እና ‹ቴርኒ 1917› የሚል አለ። የሰደፉ አንገት በቆዳ ታስሯል። ጎኑ ላይ ‹በ.ወ› ተብሎ ተቀርጿል። አጎቴ ፍራንኮ አካባቢ አንድ እንጨት ቤት ወስዶት፣ ተልጎ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሳሎን ይሰቀል ብሏል። አንድ ደላላ ደግሞ 80 ሺህ ብር እሰጣለሁ አለን። ምንድን ነው? ስንት ያወጣል? እንዴትስ ይቀመጥ? ሁለት ጥይት ብቻ የተረፉበት ዝናርም አብሮ ነበር። ስድስት ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

ልጄ፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። አሁን ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለአጎትሽ ደውዪላቸው። እንጨት ቤቱ ይቅር በያቸው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ግን ያ አናጢ ብርጭቆ ወረቀቱን አንዴ ካነሳ የእኔ መልስ አይጠቅምሽም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ግድም መሣሪያ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ኋላ ደግሞ ለኤግዚቢሽን የሚቀመጡ አሮጌ መሣሪያዎችን ማሰናዳት ሥራዬ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝገት ካበላሸው ጠመንጃ ይልቅ «ላሳምረው» ያለ ሰው ያበላሸው በዝቶብኛል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ባዶ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ምን ይኖረዋል» እንዳትዪ። አንድ ጊዜ አርሲ ውስጥ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጓንዴ አሳዩኝ። ልጆቹ እያወረዱ ሲጫወቱበት ነው ያደጉት። «ባዶ ነው፣ አባታችንም ባዶ ነው ይሉን ነበር» አሉኝ። ስከፍተው ቀለሁ አረንጓዴ የሆነ ጥይት ጎርሶ ተቀምጧል። ሁላችንም ዝም አልን። እናትየዋ ብቻ «በስመ አብ!» ብለው ቁጭ አሉ። ስለዚህ ማቀባበያውን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን እጀታ፣ እንዳትነኪ። ምላጩን እንዳትስቢ። አፈሙዙ ሰው ወደማይኖርበት በኩል ዞሮ፣ ልጆች የማይገቡበት ክፍል ተቆልፎበት ይደር። ማን እንደሚከፍተው ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እሺ፣ ወደ ፎቶዎቹ።

ሦስተኛው ፎቶ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ከምላጩ ፊት ወደ ታች የወጣው ሆድ ይታይሻል? ካዝናው ነው። ሥሩ ክፍት ነው፣ ቀዳዳ አለው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ክዳኑ ጠፍቶበታል» ይላል። አልጠፋም። ሲሠራም እንዲሁ ነው። ይህ ጠመንጃ ስድስት ጥይት በአንድ የላሜራ ማቀፊያ ተይዞ፣ ከነማቀፊያው ከላይ ይጎርሳል። የመጨረሻው ጥይት ወደ ቱቦው ሲገባ ባዶው ማቀፊያ በዚያ ቀዳዳ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣው ማቀባበያ አለ። ርዝመቱን 128 ሴንቲሜትር ከምናምን ብለሽኛል። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ካርካኖ ነው። የጣሊያን እግረኛ ጦር የ1891 ሞዴል፣ ረጅሙ፣ 6.5 ሚሊሜትር። ለፈረሰኛ የተሠራው አጭሩ ወንድሙ 92 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ሳንጃው ከራሱ ጋር ተያይዞ ይታጠፋል፣ ማቀባበያውም ወደ ታች የጎበጠ ነው።

ቴርኒ መካከለኛው ጣሊያን ያለ ከተማ ነው። የመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ ነበረበት። ዘውዱ የጣሊያን ንጉሥ ዘውድ ነው። ካርካኖ ደግሞ ሳልቫቶሬ ካርካኖ የሚባል፣ ቶሪኖ ባለው መሣሪያ ማምረቻ ይሠራ የነበረ ሰው ስም ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ለምን ምንሽር ይለዋል? ይህ እንኳን ብዙ ስህተት የለበትም። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው፤ ስሙ በእኛ አፍ ተለዝቦ ነው እንዲህ የሆነው። ጥይትን ከነማቀፊያው የማጉረሱ ዘዴ የማንሊኸር ነበር። ጣሊያኖቹ ዘዴውን ወሰዱት። በሌላው አገርም ይህን ጠመንጃ «ማንሊኸር ካርካኖ» የሚለው ሞልቷል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠሩ አይፈረድባቸውም። መለየት ከፈለግሽ ማቀባበያውን እዪ። የኦስትሪያው የ1895 ሞዴል አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ተስቦ ቀጥ ብሎ ይገፋል። የእናንተው መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳና ከዚያ ነው የሚሳበው። አሁን ግን በዓይንሽ ብቻ፣ በእጅሽ አይደለም።

ቀጥሎ የምነግርሽን ለአጎትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ይህ ጠመንጃ ዓድዋ አልዋለም። ሊውልም አይችልም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1896። ብረቱ ላይ ያለው 1917 የፈረንጅ ነው፤ የቴርኒ ሠራተኛ በእኛ አቆጣጠር አይመታም። ዓድዋ ካለፈ 21 ዓመት በኋላ የተሠራ ነው ማለት ነው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱ በዓመቱ፣ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን።

የዓመተ ምሕረት ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። አንድ ሰውዬ ብረቱ ላይ 1888 የተመታበት መሣሪያ ይዘው መጡ። «ይኸው፣ ዓመቱ ራሱ ተጽፎበታል፣ የዓድዋ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። የፈረንጅ 1888 በእኛ 1880 ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ የሞዴሉ ስም እንጂ የተሠራበት ዓመት አልነበረም። ይህን ለማስረዳት ሦስቱም የቡና ዙር አለቀ። ካመኑኝም እንጃ።

የዓድዋ ሰው ምን ያዘ ካልሽኝ፣ ስሙን ሰምተሽው ይሆናል፣ ውጅግራ አለ። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት የ1874 ሞዴል ነው። 11 ሚሊሜትር፣ ካዝና የሌለው፣ አንድ ተኩሶ አንድ የሚያጎርስ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን አለ። የሩሲያው በርዳን አለ። ጣሊያኖች ከውጫሌው ጠብ በፊት ለምኒልክ የሰጡት ቬተርሊም አለ። የሚገርመው ጣሊያኖቹ ራሳቸው ዓድዋ ላይ በብዛት የያዙት ይህንኑ አሮጌ ቬተርሊ ነበር፣ 10.35 ሚሊሜትሩን። ካርካኖ ከወጣ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ወደ እኛ የላኩት ወታደር ግን የድሮውን ጥይት እንዲጨርስ አሮጌው ተሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ ሲያጥራቸው ጣሊያኖቹ አሮጌ ቬተርሊዎችን አውጥተው፣ ቱቦው ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብተው፣ የካርካኖ ዓይነት ካዝና ገጥመው ለ6.5 ሚሊሜትር ጥይት አደረጓቸው። እነዚህም አገራችን ገብተዋል። ብረቱ ላይ 1880ዎቹን ታያለሽ፣ ሆዱ ግን የካርካኖ ነው። ሰው ቀኑን ብቻ አይቶ «ዓድዋ» ይላል። የእናንተው ይህ አይደለም፤ ለጎረቤት ወሬ እንዲሆንሽ ነው የነገርኩሽ።

ታዲያ የ1917 ካርካኖ ምንጃር እንዴት ደረሰ? ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ከያዛቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ የፊተኛው ጦርነት ትርፍ ነበሩ። አምስቱን ዓመት አርበኛው ከጣሊያን፣ ከአስካሪ፣ ከባንዳ እየማረከ ነው ራሱን ያስታጠቀው። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ በ1933 ጣሊያን ሲወድቅ በየመጋዘኑና በየሜዳው የቀረው መሣሪያ በሕዝቡ እጅ ገባ። ሦስተኛው ደግሞ ተራ ግዢ ነው፤ በሬ ሸጦ ጠመንጃ መግዛት በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ብረቱ አይነግረንም። እንጨቱ ግን ትንሽ ይነግረናል።

አምስተኛውን ፎቶ አጉልተሽ እዪው። የሰደፉ አንገት፣ እጅ የሚጨብጠው ቦታ፣ ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቋል። እዚያ ቦታ ላይ የሚሰበረው ጠመንጃ ሲወድቅ ወይም በሰደፉ ሰው ሲመታበት ነው። የሰበረው ማንም ይሁን፣ የጠገነው የእኛ ሰው ነው። ጥሬ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ በውሃ ርሶ፣ እርጥቡን ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲኮማተር እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ጨምድዶ ይይዘዋል። ዘጠኝ ዙር ቆጠርኩ። ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ታንቋል፣ ምስማር አልተመታበትም። የአልጋ ጠፍር መጠፈር የሚያውቅ እጅ ነው የሠራው። ከሥሩ ያለው ጠርዝ በመዳፍ ብዛት ለስልሶ ወዝ ይዟል። ይህ ማለት ከተጠገነ በኋላ ለዓመታት ተይዟል፣ ተጨብጧል፣ ተዘምቶበታል ወይም ቢያንስ ታድኖበታል። ያገኙት ዕለት ኮርኒስ ላይ የወረወሩት ነገር አይደለም።

አጎትሽ ሊያስፈቱት የነበረው ይህንን ነው። አናጢው «ይሄ አሮጌ ቆዳ ምን ያደርጋል» ብሎ በቢላ ይቆርጠዋል፣ ስንጥቁን በኮላ ይሞላል፣ ይልጋል፣ ቫርኒሽ ይለቀልቃል። ያኔ ቴርኒ የተሠራ፣ ማንም አገር የሚገኝ፣ የተበላሸ ካርካኖ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ ራሴ ይህን ጥፋት ሠርቼ ነው የምነግርሽ። ገና ልጅ ሳለሁ፣ ለእይታ የሚቀርብ አንድ ውጅግራ «አሰናዳው» ተብዬ ተሰጠኝ። ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። እንደ ማንኪያ አብረቀረቀ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ወሰድኩት። ብረቱን በግራ ጎኑ አገላብጠው አዩት። እዚያ ቦታ ላይ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት ዓይነት የፋብሪካው ስምና የሞዴሉ ዓመት ተቀርጾ ነበር። የለም። ፈትጌ ጨርሼዋለሁ። «ጠመንጃ ሰጠሁህ፣ ቧንቧ መለስክልኝ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እስከ ዛሬ ብርጭቆ ወረቀት ስይዝ ይታወሰኛል።

ስለ ቁጥሩም ጠይቀሽኛል። ካርካኖ ላይ የሚመሳከረው የብረቱ ቁጥርና የሰደፉ ቁጥር ነው። ማቀባበያው ላይ ቁጥር ብታጪ አትደንግጪ፣ አብዛኛው የለበትም። የእናንተው ሰደፍ ቀኝ ጎኑ ላይ የተመታው ግማሹ ጠፍቷል፤ የሚታዩት የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ግን ከብረቱ ጋር አንድ ናቸው። እንጨቱና ብረቱ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ይመስላል። ይህ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ እዚህ የምናያቸው ከሦስት ጠመንጃ የተገጣጠሙ ናቸው።

ዋጋው።

ደላላው 80 ሺህ ያለሽ ለቅርስ ብሎ እንዳይመስልሽ። እሱ የሚገዛው የሚተኮስ ብረት ነው። ዘውዱንም፣ ጠፍሩንም፣ «በ.ወ»ንም ከቁብ አይቆጥረውም። ከዚህ ቤት አውጥቶ ለማን እንደሚሰጠው ደግሞ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅ። ያለ ፈቃድ መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር ከራስሽ አውጪው።

የሰብሳቢዎች ገበያ ባለበት በውጭ አገር ስትመለከቺው፣ ካርካኖ ከአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ሁሉ ርካሹ ተርታ ውስጥ ነው። በሚሊዮን ነው የተሠራው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፈረንጅ 1963 የተገደሉበት ጠመንጃ ካርካኖ ነበር፤ አጠር ያለው ዓይነት። ገዳዩ በፖስታ አዝዞ፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው የገዛው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገበያ ላይ ታይተዋል። ካርካኖም፣ ቬተርሊም፣ ውጅግራም አሉባቸው። ነገሩ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ቲማቲም በለው ጠመንጃ። እዚያ ተፈላጊ የሚሆነው ሌላው ነው። ከወረራው በፊት ለንጉሡ ጦር ከቤልጅግ የመጣው፣ ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ላይ የተሠራው ማውዘር፣ የአንበሳው ምልክት ከነሙሉ ጠርዙ ከታየ፣ ሰብሳቢ ዓይኑን ያፈጥጣል።

ስለዚህ የእናንተው በብረትነቱ ውድ አይደለም። ዋጋ የሚሰጠው ማን ያዘው፣ እንዴት ያዘው የሚለው ሲረጋገጥ ነው። ወሬ ብቻ አይበቃም። አያትሽ ሣጥን ውስጥ ፈልጊ። ቅድመ አያትሽ አርበኛ ከነበሩ ሜዳሊያ፣ የአርበኞች ማኅበር መታወቂያ፣ የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ ወረቀት፣ ጠመንጃ ይዘው የተነሱት ፎቶ ሊኖር ይችላል። ፎቶ ካገኘሽ ፊታቸውን ትተሽ የሰደፉን አንገት እዪ። ጠፍሩ ከታየ፣ ያኔ እኔም ተነስቼ አዳማ እመጣለሁ።

ይህ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው በብር አይነገርም፤ ሙዚየም የሚያነጋግር ነገር ይሆናል። ለቅርስ የሚበቃ ነገር ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ነው። «ውጭ ያለ ዘመድ ይውሰደው» የሚል ሐሳብ ቤተሰቡ ውስጥ ካለ እዚሁ ይቁም።

አሁን ስለ ፈቃዱ፣ እና ማን እንደሚከፍተው። የመሣሪያን ነገር የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። «አሮጌ ስለሆነ አይመለከተውም» የሚል ሰው አትስሚ። አያትሽ ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ ፈቃዱ የእሳቸው ነበር እንጂ የቤቱ አይደለም። ጠመንጃውን ግን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ፖሊስ ጣቢያ እንዳትሄጂ። መንገድ ላይ ብትያዢ ማን ያምንሻል? እሱ እቤት ይቀመጥ፣ አንቺ ከአንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ጋር ባዶ እጅሽን ሂጂ። የአያትሽን የሞት ማስረጃና የጠመንጃውን ፎቶ ያዢ። «ከሟች ቤት ይህን አገኘን፣ ባለሙያ መጥቶ ባዶ መሆኑን ያረጋግጥልን፣ ልናስመዘግብ እንፈልጋለን» በያቸው። በጽሑፍ አስገቢና አንድ ቅጂ ላይ ማኅተም አስመቺ። በዚያው ሰሞን ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አንድ ደብዳቤ ይግባ፣ ቅርስ ሊሆን የሚችል ነገር እንዳለ ይታወቅ። ይህን ሳታደርጊ መወልወል አትጀምሪ። ምናልባት ለጊዜው ይረከቡ ይሆናል። ከወሰዱት ቁጥሩና ጠፍሩ የተጠቀሰበት የርክክብ ወረቀት ሳትይዢ አትመለሺ።

ወዳንቺ ከተመለሰ፣ ወይም እቤት እንዲቆይ ከተፈቀደ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከምታደርጊው የማታደርጊው ይበልጣል።

አራተኛው ፎቶ ላይ ዝገቱ ሰንበር ሰንበር ሆኖ አየሽ? የጋቢው እጥፋት ነው። ጋቢ ክረምት የጠጣውን እርጥበት ለብረቱ ያጠጣዋል። ሁለት ዓይነት ዝገት አለ። ጠቆር ያለው፣ ቡናማው፣ ጥፍር ስታሳርፊበት የማይለቀው ዝገት ተኝቷል፤ አትቀስቅሺው። የብረቱ ወዝ ነው። ብርቱካን የመሰለው፣ ጣት ላይ ዱቄት የሚተወው ግን እየበላ ነው። ለዚህኛው የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠብታ አድርገሽ ቀቢው፣ አንድ ቀን ተዪው፣ በማግስቱ በተሳለ የቀርከሃ እንጨት ቀስ ብለሽ ጥረጊው። ቀርከሃ ብረት አይጭርም። ደግመሽ አድርጊው። ሲበቃው ዱቄቱ ይቀንሳል። ከዚያ ዘይቱን አድርቀሽ ጥረጊ፣ ስስ ሽፋን ብቻ ይቅር። ሽቦ ብሩሽ፣ የድስት ሽቦ፣ ኮካ፣ ሎሚ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ... ኢንተርኔት ላይ የሚባለው ሁሉ ይቅርብሽ። ላምባም ይቅር።

ዘይቱ እንጨቱንና ጠፍሩን እንዳይነካ። እንጨት ዘይት ሲጠጣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል። ለዚህ ነው የዱሮ ሰዎች ዘይት ከተቀባ በኋላ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው የሚያቆሙት፤ ዘይቱ ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ። እንጨቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፊው፣ በቃ። የተልባ ዘይት ቀቢው የሚሉሽ ይኖራሉ፤ የውጭ ሰብሳቢዎችም ይወዱታል። እኔ አልወደውም። ደርቆ እንደ ቆዳ ይጋገራል፣ ከዚያ የሚያነሳው የለም። ጠፍሩንም ቅቤ እንዳትቀቢው! እናቶች ቆዳ ሲያዩ ቅቤ ያምራቸዋል። ጥሬ ቆዳ ከለሰለሰ ይላላል፣ ከላላ አንገቱ ይፈታል። ብል እንዳይበላው ብቻ በየወሩ ዙሪያውን ተመልከቺ። እንጨቱ ላይ ደግሞ የመርፌ ዓይን የሚያህል ቀዳዳና ከሥሩ ዱቄት ካየሽ ነቀዝ ነው፤ ያኔ ጻፊልኝ።

አዳማ በዚህ በኩል መጥፎ አገር አይደለችም። ደረቅ ናት፣ ለብረት ይመቻል። ጠላቶቿ ሁለት ናቸው፣ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራና ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት። ያ ኮርኒስ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እንጨቱ ፊት ለፊቱ ላይ የሰነጠቀው በዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ኮርኒስ አይሆንም፣ በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም አይሆንም። ሳሎን ቢሰቀል ቡና ከሚፈላበት ጥግ ይራቅ። የእጣንና የከሰል ጭስ በየቀኑ ሲጠጣው በዓመት ውስጥ ይጣበቃል። ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ ሳሎን ጨርሶ አይሰቀል። እንግዳ ሁሉ «እስቲ ልያዘው» ይላል፣ የእጅ ላብ ጨው ነው፣ በማግስቱ የጣት ምልክት በዝገት ታትሞ ታገኚዋለሽ። ሌባም ዓይን አለው።

የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ አጋድሚው። ከሥሩ የታጠበ፣ ሳሙናው በደንብ የለቀቀ ነጭ አቡጀዲ ይነጠፍ። ጋቢ አይሆንም፣ ፌስታልም አይሆንም፤ ፌስታል ውስጥ ብረት ያልበዋል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣው ትንሽ ነጭ ከረጢት አለች አይደል፣ «አትብሉ» የሚል የተጻፈባት? እርጥበት መጣጭ ናት። አጠራቅመሽ አምስት ስድስት አድርጊበት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። ስትነኪው ጓንት አድርጊ።

ዝናሩን ከጠመንጃው ለይው። ቆዳ ብረትና ናስ አጠገብ ሲከርም ያበላሻቸዋል፤ ጥይቶቹ ላይ ያየሽው አረንጓዴ ከዚያ የመጣ ነው። ጥይቶቹን አታውጪ፣ አታጽጂ፣ አታሙቂ። ለፖሊሶቹ በዚያው ቀን ስለ ጠመንጃው ስትነግሪያቸው ስለ ጥይቶቹም ንገሪ። እነሱ ይውሰዱት፣ ዝናሩ ባዶውን ይመለስልሽ። «ቅድመ አያቴ ያጎረሱት ነው» ብለሽ አትሳሺለት።

የቀረው «በ.ወ» ነው። መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል አድርገሽ አብሪበትና ፎቶ አንሺው። ጥላው የተቀረጸውን ያወጣዋል። ስድስተኛው ፎቶ ላይ ከ«ወ» በኋላ ሌላ ፊደል ያለ መሰለኝ፣ የተፋቀ። ታላቋ አክስትሽ በሕይወት ካሉ ጠጋ ብለሽ ድምፃቸውን ቅጂ፤ ጠፍሩን ማን እንዳሰረው፣ ጠመንጃው መቼ ቤት እንደገባ ጠይቂያቸው። ስለ ዓድዋ አታንሺባቸው፣ ራሳቸው ይናገሩ። የቅድመ አያትሽ ስም በ«በ» የማይጀምር ከሆነ ደግሞ፣ ለአጎትሽ ሳትነግሪ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊልኝ።